ከበሩ ሽፋን በስተኋላ

ከውጭ ለሚያየው ሰው የመኪና በር ቀለም የተቀባ ላሜራ ነው። የውስጥ ሽፋኑ ሲነሳ ግን መስታወቱ የሚወጣና የሚወርድበት ሐዲድ ይታያል፤ ከእጀታው ተነስተው እስከ ሎኩ የሚደርሱ ቀጫጭን ዘንጎች፣ በመስታወቱ ጠርዝ የገባ ዝናብ የሚወጣባቸው ከታች የተበሱ ቀዳዳዎች፣ የድምፅ ማጉያና ሽቦው ሁሉ እዚያው ናቸው። ይህ ሁሉ የሚኖረው ከአንድ ጋት ብዙም በማይበልጥ ስፋት ውስጥ ነው። እዚያ ጥበት ውስጥ እጅን አስገብቶ፣ ፋብሪካው ያላሰበውን ሞተርና ሽቦ ጨምሮ፣ የነበረውን ሳያናጉ መልሶ መዝጋት ትልቅ ሙያ ነው። ከነሪሞቱ የተሠራ መኪና የሚነዳ ሰው ስለዚህ ነገር የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ሪሞት ለሌለው መኪና በኋላ ሪሞት የሚገጥመው ባለሙያ ግን ቀኑን የሚውለው በዚህ ሐሳብ ነው።

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነስቶ በደብረ ወርቅ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ቢቸና በእነማይ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። ስማቸው ሲነሳ ሰው ጤፉን ያስታውሳል፤ በላይ ዘለቀን፣ የዲማ ጊዮርጊስን ሊቃውንት፣ ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ያነሳል። የመኪና ኤሌክትሪሺያኖቻቸውን የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ሥራቸውን አጠገባቸው ቆሜ ስላየሁት ማንሳቱ የእኔ ፋንታ ነው።

በዚህ መንገድ የሚመላለሱት የቤት መኪኖችና ሚኒባሶች አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዕድሜያቸውን በሌላ አገር የጨረሱ ናቸው። ቪትሱም፣ ኮሮላውም፣ ሃያሱም ለሌላ ገዢ ተሸጦ፣ ዓመታት ተነድቶ፣ ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ የደረሰ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ባዶ ቁልፍ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሪሞቱ ወይ ድሮውንም በርካሹ ዓይነት ላይ አልነበረም፣ ወይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጠፍቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጀ መኪና ማስገባትን ክፉኛ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ያለው መኪና ይጠገናል፣ ይታደሳል፣ ይቆያል። ዛሬ በሩ ውስጥ የገባውን ሽቦ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው፣ ምናልባትም ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ላይ፣ ይፈታዋል። የዚህ ሥራ ጥራት የሚታወቀው ያን ዕለት፣ በዚያ ሰው ፊት ነው ብዬ አምናለሁ። ያደነቅኳቸው እጆች ሁሉ ያን ያላዩትን ሰው እያሰቡ የሚሠሩ ነበሩ።

ቢቸና ላይ ያየሁት መኪና ቪትስ ነው። የፋብሪካ ሴንትራል ሎክ አለው፤ ሾፌሩ በበሩ ላይ ያለችውን ማብሪያ ሲጫን በሮቹ ሁሉ ይቆለፋሉ። ከውጭ ለመክፈት ግን ቁልፍ ማስገባት ግድ ነው። የሚጨመርለት ከመዳፍ የማይሰፋ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ከሁለት ሪሞትና ከአንድ እስር ሽቦ ጋር ይሸጣል፤ ዋጋውም ከመኪናው አንጻር ምንም አይደለም። የሳጥኑ መርከስ ብዙ ሰው ሥራውንም በዚያው ዋጋ እንዲገምተው ያደርጋል። ሳጥኑ ግን ስለ መኪናው የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው ገጣሚው ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ወጣት ነው። መጀመሪያ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቆመውና ሌላ ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ለምን እንደማይጀምር ሲጠይቁት «ጋሼ፣ ብርዱ ይውጣለት፤ አሁን ብስበው ክሊፑ ይሰበርብዎታል» አላቸው። እውነቱን ነው። የበሩን ሽፋን ከላሜራው ጋር የሚይዙት የፕላስቲክ ክሊፖች ከ20 ዓመት በኋላ ይደርቃሉ፤ በደጋ ማለዳ የተሳበ ክሊፕ ጠቅ ብሎ ይቀራል፣ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም። ፀሐይዋ ሽፋኑን ካሞቀችው በኋላ ከእጀታው ሥርና ከክንድ ማሳረፊያው ውስጥ የተደበቁትን ብሎኖች ፈታ፤ እያንዳንዱንም በወጣበት ቦታ ልክ ካርቶን ላይ ወጋው። የካርቶኑ ወረቀት የበሩ ሥዕል ሆነ። ከዚያ ካቻቪቴውን አስቀምጦ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ማንሻ አነሳና ክሊፑ ያለበትን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተሻገረ፣ ሽፋኑን አላቀቀው። አንድም ክሊፕ አልተሰበረም፤ ቀለሙም ላይ ጭረት አልቀረም።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ለዓይን ምንም የማይታይበት ነው፤ ለእኔ ግን የሙያው ልብ እሱ ነው። ከማብሪያዋ የሚወጡት ሽቦዎች በርከት ያሉ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ቆልፍ የሚል ትእዛዝ ይወስዳል፣ ሌላው ክፈት የሚል። ልጁ የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ከላሜራው ጋር አስሮ በቀዩ ጫፍ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካ። ማብሪያዋ ሳትነካ ቮልት የሚያሳይ፣ ሲጫኗት ግን ወደ ዜሮ የሚወርድ ሽቦ ሲያገኝ ቆመ። አብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች እንዲህ ናቸው፤ ትእዛዙ የሚተላለፈው ሽቦውን ለአፍታ ከኔጌቲቭ ጋር በማገናኘት ነው። ፖዘቲቭ ሲደርሳቸው የሚሠሩም አሉ። ይህን ሳያጣራ ፖዘቲቭ የሰደደበት ሰው ፊውዝ ቢያቃጥል ዕድለኛ ነው፤ ካልሆነ የሚያቃጥለው የመኪናውን መቆጣጠሪያ ነው።

ያገኘውን አላመነውም። የሾፌሩን በር ቁልፍ እያዞረ እንደገና ለካ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ተነስቶም ለካ፤ ባትሪው ሲያርፍ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ቮልት ይሆናልና ንባቡ በሁለቱም ተመሳሳይ ትርጉም ሊሰጠው ይገባል። በመሪው ሥር ያሉትን ቢጫ መያዣ ያላቸውን ሽቦዎች ግን አልነካቸውም። እነዚያ የኤርባግ ናቸው። አምፖል ያለበት መፈተሻ እነሱ ላይ ማሳረፍ ትራሱን ሰው ፊት ላይ ሊያፈነዳ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እጁ ወደ ቢጫው ሲቃረብ በራሱ ይሰበሰባል። የልጁ እጅ ሲሰበሰብ አይቻለሁ።

ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠምበት መንገድ ብዙ ነው። በጣም ፈጣኑ በፒንሳ አንዴ ተጨምቆ የሚነክሰው ትንሽ ሰማያዊ የፕላስቲክ ማያያዣ ነው። ስለቱ ሽፋኑን ቀዶ ወደ መዳቡ ይገባል፤ ሲገባም ከጥቃቅኑ ጅማቶች የተወሰኑትን ይቆርጣል፣ በቀደደውም በኩል እርጥበት ይገባል። ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ መዳቡ አረንጓዴ ይሆንና በሩ አንዳንዴ የሚቆለፍ፣ አንዳንዴ የማይቆለፍ ይሆናል። ከተሰበረ ነገር ይልቅ እንዲህ የሚዋልል ነገር ለቀጣዩ ባለሙያ ፈተና ነው፤ ሊፈትሸው ሲቀመጥ ይሠራል፣ ባለቤቱ ሲሄድ ይጠፋል።

ልጁ የፋብሪካውን ሽቦ አልቆረጠም። የላስቲኩን ሽፋን በምላጭ ዙሪያውን ጫር አድርጎ፣ መዳቡን ሳይነካ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ ገለጠ። የተገለጠውን ጅማት በመርፌ ጫፍ ከመካከል ከፈለው፤ በተከፈተው ቀዳዳ አዲሱን ሽቦ አሳለፈና በሁለቱም ወገን አጥብቆ ጠመጠመው። አሁን ሊድ ባይነካውም አይላቀቅም። ከዚያ ከባትሪው ላይ በሚሠራ ካውያ አሞቀው፤ ሊዱን በካውያው ላይ ሳይሆን በሞቀው መዳብ ላይ አሳረፈው፣ መዳቡም ሊዱን ጠጣው። ጥሩ ሊድ ሲቀዘቅዝ ያበራል፣ የሽቦው ጅማት ቅርጽም ከሥሩ ይታያል። ግራጫና ድብልብል ሆኖ የቀረ ሊድ መዳቡ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልያዘም።

ሊድ የነካው ሽቦ ይደርቃል፤ የደረቀው ከለስላሳው የሚገናኝበት ነጥብ ደግሞ በእንቅስቃሴ ይሰበራል። ለዚህ ነው ልጁ መጋጠሚያውን በጨርቅ ፕላስተር ከጠቀለለ በኋላ ከመጋጠሚያው ወዲያና ወዲህ ከነባሩ እስር ጋር ያሰረው፤ በሩ ሲወዛወዝ የሚንቀሳቀሰው ለስላሳው ሽቦ ይሆናል፣ መጋጠሚያው ባለበት ይተኛል። ፕላስተሩንም ፋብሪካው በጠመጠመበት አቅጣጫ፣ ግማሹን በግማሹ ላይ እያሳረፈ ጠመጠመው። ሲጨርስ የነካውን ቦታ ለማግኘት ቀርቤ መፈለግ ነበረብኝ።

ሳጥኑ ለመቆለፍ ሦስት፣ ለመክፈት ሦስት ሽቦ አለው። ቪትሱ የሚፈልገው ለአፍታ የሚሰጥ ኔጌቲቭ ብቻ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ሦስት ሁለቱ ሥራ ያገኛሉ፣ አንዱ ሥራ ፈት ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሥራ ፈት ሽቦ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ወይም ጫፉን ሳይሸፍን ይተወዋል፣ ያም አንድ ቀን ላሜራ ይነካል። ልጁ ጫፉን ሸፍኖ አጥፎ ከእስሩ ጋር አስቀመጠው። «ነገ ሌላ ዓይነት ሥራ ቢፈለግ ይገኛል» ነው ያለኝ።

የኃይል ሽቦው ፊውዝ ከባትሪው መነሻ አጠገብ ገባ፤ ሽቦው በመንገድ ላይ ቢላጥ የሚቃጠለው ፊውዙ እንዲሆን። ኔጌቲቩ ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ በአዲስ ብሎን አልታሰረም፤ ፋብሪካው ራሱ ኔጌቲቭ ያሰረበትን ብሎን ፈልጎ፣ ሥሩን አጽድቶ፣ እዚያው ጨመረው። ሪሞቱ ሲጫን የሚበሩት ፍሬቻዎች ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የቀኙና የግራው ሽቦ አንድ ላይ ቢታሰሩ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግራውም ይበራል። ሳጥኑ ለዚሁ ሁለት የተለያዩ መውጫዎች ስላሉት እያንዳንዳቸው ወደየወገናቸው ሄዱ።

በመጨረሻ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ መልቲሜትሩን በመካከል አስገባና መኪናው ቆሞ ሲያድር ምን ያህል እንደሚበላ ለካ። ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት፤ ሳጥኑ 10 ሚሊ አምፒር ብቻ ቢወስድ በቀን 0.24 አምፒር ሰዓት፣ በወር ከ7 ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል። 45 አምፒር ሰዓት ለሚይዝ አዲስ ባትሪ ይህ አያስፈራም። ላረጀ ባትሪ፣ መኪናው በክረምት ሳምንታት ሳይነሳ ለሚቆምበት ቤት ግን ያስፈራል፤ ልጁም ይህን ለባለቤቱ በግልጽ ነገራቸው። ለካሁ ብሎ የሚናገር ባለሙያና ይመስለኛል ብሎ የሚናገር ባለሙያ አንድ አይደሉም።

ሞጣ ላይ ያየሁት ደግሞ ሌላ ዓይነት ችሎታ ነው። መኪናው ሃያስ ሚኒባስ፣ ባለሙያው ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አንጋፋ ሰው ናቸው። ሚኒባሱ ሴንትራል ሎክ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ እያንዳንዱ በር በእጅ የሚጫን የራሱ መቆለፊያ አለው። እዚህ የትእዛዙን ሽቦ ለክቶ ማግኘት አይበቃም። ለየበሩ ትንሽ ሞተር ገብቶ የሎኩን ዘንግ መግፋትና መሳብ አለበት፤ ሥራውም ከኤሌክትሪክ ይልቅ ወደ ብረት ያደላል።

የሾፌሩ በር ሞተር አምስት ሽቦ ያለው ነው፤ ሁለቱ ለሞተሩ፣ ሦስቱ ውስጡ ላለች ማብሪያ፣ የሾፌሩ መቆለፊያ በእጅ ሲጫን ሌሎቹ በሮች እንዲከተሉ። የሌሎቹ በሮች ሞተር ሁለት ሽቦ ብቻ አላቸው። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በአንድ አቅጣጫ ሲገባ ሞተሩ ይገፋል፣ ሲገለበጥ ይስባል፣ ሥራ ሲፈታ ሁለቱም ሽቦዎች ኔጌቲቭ ላይ ያርፋሉ። ቢቸና ላይ ሥራ ፈት የነበረው ሦስተኛው ሽቦ እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ ሞተሩን ሲያርፍ ወደ ኔጌቲቭ የሚመልሰው እሱ ነው። ያው ርካሽ ሳጥን፣ በሌላ አገጣጠም፣ ሌላ ማሽን ይሆናል።

የሞተሩ ዘንግ የሚሄደው ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናው የሎክ ዘንግ ከዚያ ያነሰ ወይም የሚቀራረብ ጉዞ አለው፤ ሁለቱ መንገዳቸው ትይዩ ካልሆነ ሞተሩ ጉልበቱን በመጎተት ሳይሆን በማጣመም ይጨርሰዋል። ጋሼ ይህን የሚለኩት በሜትር አይደለም። ሞተሩን በእጃቸው ይዘው በበሩ ውስጥ ከዘንጉ ጎን አስጠጉ፤ በሌላ እጃቸው መቆለፊያውን አወጡ፣ አስገቡ፣ አወጡ። ሞተሩን ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ዘንጉ የማያንገራግርበትን ቦታ ጠበቁ። ሲያገኙት በእርሳስ ላሜራው ላይ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ነው መስታወቱን እስከ መጨረሻው ያወረዱት፤ ሞተሩ መስታወቱ በሚወርድበት መንገድ ላይ ከቆመ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና። መስታወቱ አለፈ፣ በመካከላቸውም ጣት የሚገባበት ክፍተት ቀረ። በትራፓኖ የበሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የተበሳውን ቀዳዳ ጠርዝ በሞረድ አለስልሰው ቀለም ቀቡት፣ ዝገት ከዚያ ስለሚጀምር። ያንን ቀለም መቀባታቸውን ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ ደጋግመው ፈተሹ፤ ኤሌክትሪክ ሳይኖር መቆለፊያው በእጅ ሲጫን ይከብዳል ወይስ አይከብድም? ሞተሩ ውስጥ ያለው ጥርስ ሁልጊዜ ትንሽ ይይዛል። ተሳፋሪ አሮጊት በአንድ ጣት ልትከፍተው የማትችለው በር በጋሼ ዓይን ያልተሠራ በር ነው። በኋላ በር ላይ ዘንጉን በዘይት አርሰው፣ የሞተሩን መያዣ አላልተው እንደገና አጠበቁ፣ በትንሽ ጣታቸው ሞከሩት፤ ከዚያ ነው የተዉት።

ተንሸራታቹ በር ላይ ሲደርሱ በጣም ተጠጋሁ። የፊት በር በማጠፊያው በኩል ሽቦ ይቀበላል፤ ተንሸራታች በር ግን ከመኪናው አካል ርቆ በሐዲድ ላይ ይሄዳል፣ ሽቦ አብሮት እንዲጎተት ማድረግ አይመችም። መፍትሔው በሩ ሲዘጋ ብቻ የሚገናኝ መነካኪያ ነው፤ በመኪናው ምሰሶ ላይ ስፕሪንግ ያላቸው ሁለት ጫፎች፣ በበሩ ጠርዝ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች። በሩ ሲዘጋ ጫፎቹ ብረቶቹ ላይ ያርፋሉ፣ ሲከፈት ይለያያሉ። እና ሲከፈት እነዚያ የተገለጡ ብረቶች ለማንም እጅ፣ ለማንም ዣንጥላ ክፍት ናቸው። አያስፈሩም፤ የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ሥራ ሲፈቱ ኔጌቲቭ ላይ ያርፋሉ ብያለሁ፣ ስለዚህ በሩ ክፍት ሆኖ የተገለጠው ብረት ላይ ኃይል የለም። ኃይል የሚመጣው ለአፍታ፣ ሪሞቱ ወይም የሾፌሩ መቆለፊያ በተጫነበት ቅጽበት ብቻ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አስተሳሰቡ ግን ውብ ነው።

መነካኪያው የት ይገጠም የሚለው የጋሼ ውሳኔ ነበር። ከታች ቢሆን ለሽቦው ይቀርባል። ከታች ግን የተሳፋሪ እግር አለ፤ በክረምት መረሬ ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ከላይ፣ ከጣሪያው አጠገብ አደረጉት፣ ሽቦውንም በሽፋኑ ውስጥ ዙሪያውን አዞሩት፤ ሥራው ረዘመ። ረዳቱ በሩን ቀኑን ሙሉ እየወረወረ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ብሎኖቹ በንዝረት እንዳይላሉ ከሥራቸው ጥርስ ያለው ቀለበት ገባ፣ ጫፎቹም ብረቱን ፊት ለፊት እንዲመቱት ሳይሆን በመጨረሻው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ሸርተት ብለው እንዲያርፉ ተስተካከሉ። ሸርተቱ በተዘጋ ቁጥር አቧራውን ይጠርገዋል። ለረዳቱም በሩ ሳይዘጋ ሪሞት ቢጫን ያ በር እንደማይቆለፍ፣ መጀመሪያ መዝጋት እንዳለበት አስረዱት።

የፊት በሮችን ሽቦ ከበሩ ወደ መኪናው የሚያሻግረው ማጠፊያው አጠገብ ያለው የታጠፈ ጎማ ነው። አዲስ ሽቦ ለማሳለፍ ሰነፍ እጅ ከጎማው አጠገብ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፤ ሹሉ ጠርዝም በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦውን ይጋዘዋል። ጋሼ ጎማውን ከሁለቱም ወገን አላቀው ሳሙና ቀቡት፣ ጠንካራ ሽቦ መሪ አድርገው አዲሱን ከነባሮቹ ጎን አሳለፉት። በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ሽቦው እንዳይወጠር ትርፍ ተዉለት፤ ትርፉንም ከመጋጠሚያው ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደረጉት፣ ሽቦውን ተከትሎ የሚወርድ ውሃ መጋጠሚያው ጋ ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ።

ከሽፋኑና ከላሜራው መካከል ቀጭን ላስቲክ አለ፣ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ። ብዙ መኪና ላይ ተቀዶ፣ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ይገኛል፣ ከዚህ በፊት በሩን የከፈተ ሰው ትርፍ ነገር መስሎት። ላስቲኩ ግን በበሩ ውስጥ የሚወርደውን ዝናብ ወደ ታች ቀዳዳዎቹ የሚመልሰው ነው፤ ከሌለ ውሃው ወደ ምንጣፉ ይገባል። ቢቸናም ሞጣም ያየኋቸው እጆች ላስቲኩን ከጥግ ጀምረው በቀስታ ላጡት፣ ሙጫው በፀሐይ ሲለሰልስ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ መልሰው ለጠፉት። በላስቲኩ ላይ አዲስ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካስፈለገም ከላይ ሳይሆን ከታች በኩል አደረጉት።

በሪሞቱ ነገር ግን ያው ጥንቃቄ ገበያው ላይ የለም፤ ያሳዝነኛል። በሪሞት የሚቆለፍ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በ1982 እ.ኤ.አ. ሬኖ ፉዌጎ ላይ ነው፤ ሐሳቡ የፖል ሊፕሹትዝ ነበር። ዛሬ በየገበያው የሚሸጡት ሳጥኖች በ315 ወይም በ433.92 ሜጋ ኸርዝ ይናገራሉ። ልዩነታቸው በሚናገሩት ነገር ነው። አንዳንዱ ሪሞት በተጫነ ቁጥር ያንኑ ኮድ ይልካል፤ አንዴ የሰማው መሣሪያ ደግሞ ሊልከው ይችላል። ሌላው በተጫነ ቁጥር ኮዱን ይቀይራል። የቢቸናው ልጅ ሪሞቱን ከፍቶ በውስጡ ያለችውን ቺፕ ጽሑፍ በማጉያ መስታወት አነበበ፤ ኢቪ 1527 የሚል ከሆነ ኮዱ አይቀየርም፣ ኤችሲኤስ 301 ከሆነ ይቀየራል። ሁለተኛውም ቢሆን የማይደፈር አይደለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኪሎክ የተባለውን ስልቱን ቺፑ የሚወስደውን ኃይል በመለካት ሰብረውታል። ያም ሆኖ ያንን መሥራት ላቦራቶሪ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያውን ለመቅዳት ግን ርካሽ መሣሪያ ይበቃል። ይህን ለደንበኛ መንገር የሥራው አካል ነው፤ ልጁ ነገራቸው። ኮድ የሚቀይረውን ሪሞት ልጅ በኪሱ ይዞ ርቆ ሲጫወትበት ከ16 ጊዜ በላይ ቢጫን ሳጥኑ ላያውቀው እንደሚችል፣ ያኔ አከታትሎ ሁለት ጊዜ መጫን እንደሚመልሰውም ነገራቸው።

ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አለ። በአገራችን ገዳማት የብራና መጻሕፍት የሚጠረዙት በሰንሰለት ስፌት ነው፤ ጥራዞቹ በክር ብቻ እርስ በርስና ከእንጨት ገበታው ጋር ይያያዛሉ፣ ጀርባቸው ላይ ሙጫ የለም። ክሩ ሲያልቅ ቀጣዩ ጠራዥ ብራናውን ሳይጎዳ ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ጋሼ በር ውስጥ የተጨመረውን ሽቦ ሁሉ በነጭ ፕላስተር ላይ ምልክት ጽፈውበት፣ የአገጣጠሙን ሥዕል ደግሞ በእርሳስ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ሠርተው ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጡ ያሰብኩት ያንን ስፌት ነው። ሥዕሉ ላይ ሾፌሩ የሚያነበው ነገር የለም። ለሚመጣው ኤሌክትሪሺያን የተጻፈ ነው፤ ፊውዙ የት እንዳለ፣ የትኛው ሽቦ የፋብሪካ፣ የትኛው የእሳቸው እንደሆነ ይናገራል። ሁሉም ባለሙያ ይህን ቢያደርግ የስንት መኪና ዕድሜ በረዘመ።

ሽፋኖቹ ከተመለሱ በኋላ ፈተናው የሚጀምረው መስታወቱ ወርዶ፣ ከዚያም ወጥቶ፣ እያንዳንዱ በር በየተራ ክፍት እየሆነ፣ የመኪናው ሞተር ጠፍቶም ተነስቶም ነው። ሎኩ ሲመታ የሁሉም በሮች ድምፅ አንድ ላይ ካልመጣ ጋሼ ቆም ይላሉ፤ የዘገየው በር ውስጥ የሚይዝ ነገር አለ ማለት ነው። አንዱ ዘግይቶ ነበር። ከፈቱት፤ የዘንጉ ማያያዣ ብሎን ጠብቆ ዘንጉን ትንሽ አጣሞት ነበር። ሩብ ዙር አላልተው እንደገና ሞከሩ፣ ድምፁ አንድ ሆነ።

ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱና በሮቹን ሁሉ እንዲቆልፍ ሾፌሩን አዘዙት። ሾፌሩ ቁልፉን በራሱ በር ላይ አስገብቶ አዞረ፤ ከብዶት ነበር። ሪሞት ከተለመደ በኋላ ደግሞ የቁልፍ ቀዳዳው ጭራሽ ይረሳል፣ አቧራ ይሞላዋል፣ ይደርቃል። ጋሼ ቀዳዳውን በአየር ነፉበት፣ ቁልፉ ያለ ጉልበት እስኪዞር ደጋግመው አዞሩት፣ ከዚያ ከሁለቱ ሪሞቶች ጋር ለሾፌሩ ሰጡት፤ «ስማ ልጄ፣ ባትሪው የሞተ ቀን የሚያስገባህ ይኼ ነው። በወር አንድ ጊዜ እንኳ አዙረው።»